የድሮ ኪቦርድ ላላችሁ ሁሉ፦ ምስጋናና ጥቆማ

መገናኛ አካባቢ ቴሌቪዥንና ቴፕ የሚሠሩ አንድ አባት አሉ። ሮላንድ ጁኖ 106 ኪቦርዴን ከሞት አስነስተውልኛል። በአደባባይ ሳላመሰግናቸው ብቀር ይከነክነኛል።

ጁኖ 106 እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ ሲንተሳይዘር ነው። 128 ድምፆች ይይዛል። የሚጠሩት ፓነሉ ላይ ባሉት ትንንሽ በተኖች ነው፤ መጀመሪያ ኤ ወይም ቢ፣ ከዚያ ባንክ ከ1 እስከ 8፣ ከዚያ ቁጥር ከ1 እስከ 8። አንዷ የባንክ በተን ከሞተች 16 ድምፅ ይዛ ትሄዳለች። የኔ ባንክ 4 ጭራሽ አልሰማ አለች። ሌሎቹም ሲያሻቸው ይሠራሉ፣ ሲያሻቸው ይለግማሉ። ሠርግ ላይ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የሚያውቅ ያውቀዋል።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት ሳይከፍተው «ቺፑ ሄዷል፣ ፓነሉ በሙሉ ይቀየር» አለኝ። ዋጋውን ተዉት። የጁኖ 106 የታወቀ በሽታ የድምፅ ቺፖቹ መሆናቸው እውነት ነው። ግን እነሱ ሲበላሹ ኖታ ይጠፋል ወይ ይንኮሻኮሻል እንጂ በተን አይደነቁርም!

ጋሼ ከፈቱት። የቴስተሩን ሁለት ጫፍ ከባንክ 4 በተን ሥር ባለችው ስዊች እግር ላይ አድርገው «ተጫናት» አሉኝ። ተጫንኩ፣ ዝም። ጠበቅ አድርጌ ስደግም ቴስተሩ ጢጥ አለ፤ መስመሩ ተገናኘ ማለት ነው። «አየህ ልጄ? ቺፑን ተወው።» ነቅለው ውስጧን አሳዩኝ። ጎበጥ ያለች ስስ ብረት ናት፤ ስትጫኗት ታች ያለውን ነክታ መስመር ታገናኛለች። መንኪያው ጠቁሯል። «ክሊነር ብንነፋባትስ?» ብላቸው፣ «ትንሽ ትሠራና መልሰህ ታመጣታለህ» አሉኝ።

የሞቱትን ብቻ ቀይረው ማስከፈል ይችሉ ነበር። «እኩያሞች ናቸው፣ የቀሩትም ይከተላሉ» ብለው ሁሉንም ቀየሩ። የስዊቿን ቁመት ለክተው ሰጡኝና ከውጭ አስመጣሁ። ካጠረች በተኑ አይደርስባትም፣ ከረዘመች ተጭና ትቀራለች።

እጃቸውን ማየት ነው። የድሮ ቦርድ ካውያ ከበዛበት የመዳብ መስመሩ ይላጣል። እሳቸው አሮጌው ብየዳ ላይ አዲስ ሊድ ጨምረው ያላሉትና በመምጠጫ ይስቡታል። ስዊቿ ያለ ትግል ትወጣለች። አንድም መስመር አልተነሳም።

የሜሞሪው ባትሪ መድከሙንም ያዩት እሳቸው ናቸው። እሱ ሲነቀል ያስቀመጥኩት ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ አስቀድመው በቴፕ መውጫው በኩል ላፕቶፔ ላይ ቀዱልኝ። ሲቀዳ የሚያሰማው ጩኸት ቁርጥ የፋክስ ማሽን ነው። የቴፕ ዘመን ሰው ናቸውና ይህን ማንም አላስረዳቸውም።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቶሎ አይጨርሱም። ለቅዳሜ ፕሮግራም ሐሙስ ይዛችሁ ብትሄዱ ይመልሷችኋል። ዋጋቸው ግን ሰው ይከፍለዋል፣ የነቀሉትንም አሮጌ ዕቃ በፌስታል አድርገው ይሰጧችኋል። አድራሻቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ኪቦርዳችሁ ባለ 110 ቮልት ከሆነ ትራንስፎርመሩንም ይዛችሁ ሂዱ።