የኤቢኤስ ሞጁል ግዙ ከተባላችሁ መጀመሪያ ይህን ባለሙያ አግኙት

እጁ ይባረክ! የፍሬንና የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ስሙ በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለገ አድራሻውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ። ስፖርት መኪና ያላችሁ፣ በተለይ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ ግፊቱን የሚቆጣጠረው ሥርዓት፤ ሞጁሉ አእምሮው ነው) መብራት አልጠፋ ያላችሁ፣ ሌላ ቦታ ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት እባካችሁ ለእሱ አሳዩት።

እሱ የጠገነው መኪና ሕመም እንዲህ ነበር። በደረቅ አስፋልት ላይ ቀስ ብሎ ለመቆም ፍሬን ሲያዝ፣ ፍጥነቱ ከ15 ኪሎ ሜትር በታች እንደወረደ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፣ ከስር የመፍጨት ድምፅ ይመጣል፣ መኪናውም መቆም ከነበረበት ቦታ አልፎ ይንሸራተታል። መብራቱ አንዳንዴ ይበራል፣ አንዳንዴ ጭራሽ አይበራም።

ቀደም ብሎ ያየው ጋራዥ መኪናው የመዘገበውን የስህተት ኮድ አነበበ፤ «የቀኝ ኋላ ጎማ ፍጥነት ሴንሰር» ይላል፤ ሴንሰሩ ተቀየረ። ምንም ለውጥ የለም። ቀጥሎ ያየው ዲስክና ፓድ ቀየረ፤ ለምን እንደሆነ እሱ ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሌላው ደግሞ አንዲት ሽቦ እንኳ ሳይለካ «ሞጁሉ ሞቷል፣ ሙሉውን ግዙ» ብሎ ፈረደ። ስማቸውን አላነሳም። ኮዱ ግን የሚለው ከዚያ ጎማ የሚመጣው ምልክት አላሳመነኝም ነው እንጂ ሴንሰሩ ተበላሽቷል አይደለም። ምልክቱ የሚነሳው ከጎማው ጋር ከሚዞረው ባለ ጥርስ ቀለበት ነው፤ ሴንሰሩ ያነበዋል፣ ሽቦና ሶኬት ያደርሱታል፣ ሞጁሉ ይተረጉመዋል። ከነዚህ የትኛው እንደታመመ ሳይለዩ ዕቃ መቀየር ቁማር ነው።

ይህ ሰው መፍቻ ከማንሳቱ በፊት የጎማዎቹን ጎን አነበበ። ፊት 225/45፣ ኋላ 255/40 (መጀመሪያ ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶ)፣ ሁሉም ባለ 18 ኢንች፤ የሁለቱ ቁመት ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስፖርት መኪና ላይ የኋላው ጎማ ሰፋ ማለቱ የተለመደ ነው፤ ባለቤቱ ደስ ያለውን መጠን ካሰረ ግን አንዱ ጎማ ሁልጊዜ ፈጥኖ የሚዞር ስለሚመስል ኤቢኤሱ ይሳሳታል። ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፣ ግን ከእሱ በፊት ጎንበስ ብሎ ያየ አልነበረም። ቀጥሎ የባትሪውን ቮልቴጅ፣ የኤቢኤሱን ፓምፕ ፊውዝና የሞጁሉን የመሬት ሽቦ ለካ። ደህና ናቸው።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ሰክቶ የአራቱን ጎማ ፍጥነት ጎን ለጎን እያየ መኪናውን አስነዳ። ሦስቱ 10፣ 9፣ 8 እያሉ አብረው ሲወርዱ የቀኝ ኋላው በየመሃሉ ዝቅ ብሎ ይመለሳል። የአዲሱን ሴንሰር የኤሌክትሪክ መቋቋም ለካ፤ 1,100 ኦም፣ የግራው 1,080። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። (ይህ ልኬት የሚሠራው ለአሮጌው ባለ ጥቅልል ሴንሰር ነው። የራሱ ኃይል ለሚላክለት አዲሱ ዓይነት ኦም መለካት ትርጉም የለውም፤ ሊያበላሸውም ይችላል።) መኪናውን አንሥቶ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ኦሲሎስኮፕ (የኤሌክትሪክ ምልክትን በማዕበል መልክ የሚያሳይ መሣሪያ) አገናኝቶ ጎማውን በእጁ በዝግታ አዞረው። ቀለበቱ 48 ጥርስ አለው፤ ስክሪኑ ላይ 47ቱ ማዕበል እኩል ሲመጣ አንዱ በየዙሩ ይለጠጣል። እዚያ ላይ ሲደርስ ጎማውን አስቁሞ በጠመኔ ምልክት አደረገና በባትሪ መብራት አየው፤ ቀለበቱ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ!

ምክንያቱን ረጋ ብሎ አስረዳ። ቀለበቱ የኋላውን ጎማ በሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ በግፊት የገባ ብረት ነው። ከስሩ ዝገት ሲገባ ዝገቱ ያብጥና ቀለበቱን ይሰነጥቀዋል። በስንጥቁ ቦታ የሁለት ጥርስ መሃል ስለሚሰፋ ሞጁሉ ጎማው በድንገት ሊቆለፍ የደረሰ ይመስለዋል፤ የፍሬኑንም ግፊት ይለቃል። ሞጁሉ ጥፋት የለበትም፣ የተነገረውን አምኖ ሥራውን ነው የሠራው። ፍጥነት ሲጨምር ስህተቱ በጣም ስለሚያጥር ቸል ይለዋል። በዝግታ ብቻ የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው።

ጥገናው ከምርመራው አጭር ነው። ዘንጉ ወጣ፣ አሮጌው ቀለበት ተቆርጦ ወለቀ፣ መቀመጫው ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ከዝገት ጸዳ፣ ተመሳሳይ ባለ 48 ጥርስ ቀለበት ሞቆ ገባ። የሴንሰሩ መቀመጫም ጸዳ፤ እዚያም ዝገት ካለ ሴንሰሩን ወደ ላይ ገፍቶ ከጥርሱ ያርቀዋል። የፍሬን ቱቦ ስላልተፈታ ዘይት ማፍሰስና አየር ማውጣት አላስፈለገም፤ ለዚያም አላስከፈለም። በመጨረሻ ሰው በሌለበት ቦታ በ40 ኪሎ ሜትር ፍሬኑን በኃይል ረግጦ ኤቢኤሱ በሚፈለግበት ጊዜ በእርግጥ እንደሚሠራ አረጋገጠ። ብዙዎች መብራቱ ከጠፋ ጨርሰናል ይላሉ፤ ፔዳሉ አለመንቀጥቀጡን ብቻ አይቶ መልቀቅም ግማሽ ሥራ ነው።

ከሁሉ በላይ የማመሰግነው ግን ለአንድ ነገር ነው። ሌላው ጋራዥ ሞጁል እንዲገዛ ማዘዙን ሲሰማ «ይሁን» ብሎ ሸጦ ማትረፍ ይችል ነበር። እሱ ግን «ሞጁሉ ጤነኛ ነው፣ እንዳትገዙ» አለ። ያገለገለ ሞጁል በብዙ መኪኖች ላይ፣ በኮምፒውተር ከመኪናው ጋር ካልተላመደ፣ እንደማይሠራም አስጠነቀቀ። የተሰነጠቀውንም ቀለበት በጠመኔ እንደተመለከተ ጠቅልሎ ሰጠ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? ሂዱ፣ አሳዩት፣ ለጓደኛም ንገሩ።

ስትሄዱ ኮዱን አስቀድማችሁ እንዳታስጠፉ። በብዙ መኪኖች ላይ ስህተቱ ሲመዘገብ የነበረው ፍጥነት አብሮ ይቀመጣል፤ እሱም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያንን ነው። በምን ያህል ፍጥነት፣ በቀጥታ ወይስ በመታጠፍ ላይ፣ በዝናብ ወይስ በደረቅ እንደሚከሰት ጽፋችሁ ያዙለት።