ሆዴን ያስዳሰሰችኝ የከዚራ ፋርማሲ

ስኳር ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ኢንሱሊን ፍለጋ ያላንኳኳሁት የድሬ ፋርማሲ የለም። ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው አለፍ ብሎ ዛፍ ጥላ ሥር ያለችው ግን ለብቻዋ ናት።

ግንቦት ላይ ነው። ስኳሬ አልወርድ ብሎኝ "መጠኑን ልጨምር መሰለኝ" እያልኩ ብር ስቆጥር፣ ልጅቷ ሳትቀበለኝ "ጋሼ፣ የት የት ነው የምትወጋው?" አለችኝ። (ድሬ ነው፤ አንቱታ አትጠብቁ።) ሁልጊዜ ከእምብርቴ በስተግራ፣ እዚያ ስለማያመኝ። "እስቲ ዳብሰው።" ብዳብስ የቴምር ፍሬ የሚያህል ጠጣር እብጠት! ራሴው በመርፌ ያበቀልኩት።

እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ "ለምን?" ሳልል አልሄድም። እ.ኤ.አ. በ1921 ቶሮንቶ ላይ ቆሽታቸው የወጣ ውሾች በኢንሱሊን ስኳራቸው እንደወረደ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። መርፌው ከወጣ በኋላ መድኃኒቱ በየት በኩል እንደሚሄድ ግን አንድም ቀን አላስተማርኩም።

የመድኃኒት ካርቶን ገልብጣ ሣለችልኝ። የኢንሱሊን ሞለኪዩል ብልቃጡ ውስጥ ስድስት ስድስት ሆኖ ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው። ከቆዳ ሥር ስብ ውስጥ ሲገባ እየተፈታ፣ ነጠላ ነጠላ እየሆነ በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ይሾልካል። ባበጠ ቦታ ላይ ግን አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላ ቀን ይፈጥናል። "ትልልቆቹ ፕሮቲኖችስ?" አልኳት። አንቲቦዲ፣ ያ በሽታ ተከላካይ ፕሮቲን፣ ከኢንሱሊን 25 እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ በደም ሥሮቹ ግድግዳ ቀዳዳ እምብዛም ስለማያልፍ በሊምፍ (ከሰውነት የሚሰበሰበው ፈሳሽ ወደ ደም በሚመለስበት መስመር) ዞሮ በብዛት ደም የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ነው። ይህም በበጎች ታይቷል፤ እግራቸው ላይ ተወግተው ሊምፋቸው በቱቦ እየተቀዳ፣ ሞለኪዩሉ በከበደ ቁጥር በሊምፍ የሚሄደው ድርሻ ይጨምራል። አንቲቦዲው ደም ከገባ በኋላም ሁሉም ቤት አይከፈትለትም፤ አንጎል የሚያስገባው ደም ውስጥ ካለው ከሺህ አንድ ያህሉን ቢሆን ነው።

አቦ፣ ይህንን ሁሉ ቆሜ ነው የሰማሁት! ያለችው አንዲት ወንበር ናት፤ እሷም ላይ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ሌላው ቅሬታዬ ሰዓቱ ነው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ በርጫው እስኪያልፍ እስከ አሥር ሰዓት ዝግ ነው። በዚያ ፀሐይ ባጃጅ ከፍላችሁ እንዳትመለሱ ጠዋት ሂዱ።

ብልቃጡን በበረዶ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በጨርቅ ይጠቀልሉላችኋል፤ በረዶው በቀጥታ ከነካው ሊረጋና ሊበላሽ ይችላል። ቦታ ስቀይርም "በል መጠን እንዳትጨምር፣ እንዲያውም ጤነኛው ቦታ ቶሎ ስለሚመጥ ሊወርድብህ ይችላል፤ መጀመሪያ ሐኪምህን አማክር" ብላ አስጠንቅቃኛለች። እውነትም ሐኪሜ ቀነሰልኝ።

ባለፈው ሳምንት ገና ከበሩ ሳልገባ "ጋሼ፣ ዛሬ ቀኝ ነው ግራ?" ብላ ጮኸችብኝ። ወንበሯ አጠገብ የነበሩት ሁለት ሰዎች ፖለቲካ መስሏቸው ዞር ብለው አዩኝ።