«መብራቱን አላጠፋልሽም» ላሉኝ ጋሼ ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ሰላም ናችሁ፣ እንዲህ አይነት ነገር መጻፍ ብዙም አላዘወትርም ግን እሳቸውን ሳላመሰግን ዝም ብል ህሊናዬ እሺ አላለኝም። ትንሽ ይረዝማል ቻሉኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት፣ ዳሽቦርዷ ላይ ሁለት ብርቱካናማ መብራት ተጣብቆባት ከርሟል፣ አንዱ ሜይንት ሪኳየርድ የሚለው ሌላው ቼክ ኢንጅን። እኔ ደግሞ ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚመስለኝ፣ ያው «ጋራዥ ውሰጂኝ» ማለት ነው በቃ። ዘይት አስቀይሬያለሁ፣ ፊልትሮ አስቀይሬያለሁ፣ መብራቱ ግን ወይ ፍንክች። አብሮኝ የሚሄድ ሰው ሁሉ «ኧረ ይቺ መኪና ምን ሆናለች» ሲለኝ ሰለቸኝና መጀመሪያ አንድ ቦታ ወሰድኳት፣ ስሙ ይቅር። ልጁ ኮፈኑን ከፈተ፣ የባትሪውን ገመድ ፈታ፣ ትንሽ አቆየና መልሶ አሰረው፣ «አለቀ» አለኝ። እውነትም ቼክ ኢንጅኑ ጠፍቷል! ደስ ብሎኝ ከፍዬ ወጣሁ። ሰዓቷ ዜሮ ገብቷል፣ ሬዲዮው የያዝኩለትን ጣቢያ በሙሉ ረስቷል፣ ሜይንት የሚለውን መብራት ደግሞ ጭራሽ አልነካውም፣ ግን ምን ቸገረኝ ብዬ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ዳገት ላይ ነዳጅ ስረግጥ መኪናዋ ተንዘፈዘፈች፣ ቼክ ኢንጅኑም ተመለሰ፣ ያውም ብልጭ ድርግም እያለ።

ከዛ የሥራ ባልደረባዬ ናት ወደ እሳቸው የላከችኝ። የመኪና ኤሌክትሪሻን ናቸው፣ ትልቅ ሰው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ አይነት። «ጋሼ ይቺን መብራት ያጥፉልኝ» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «አላጠፋልሽም» አሉኝ። እኔ መጀመሪያ የተቆጡኝ መስሎኝ ነበር። «ልጅ ሲያለቅስ አፉን ትይዢዋለሽ ወይስ ምን ሆንክ ትዪዋለሽ?» አሉኝ። በቃ ዝም አልኩ ምን እላለሁ።

መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ መብራቱ አበራር ነው። በርቶ ይቀራል ወይስ ብልጭ ድርግም ይላል? ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ? ብልጭ ድርግም ብሏል ስላቸው ፊታቸው ተቀየረ። ለካ በርቶ ዝም ካለ ተረጋግቶ ጋራዥ መድረስ ይቻላል፣ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሞተሩ አንዱ ሲሊንደር (ነዳጅ የሚቃጠልበት ክፍል) ላይ እያቃጠለ አይደለም ማለት ነው፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ካታሊስት (ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ድረስ ሄዶ እዛ ይነድና ያግለዋል፣ ካታሊስት ደግሞ ውድ ዕቃ ነው። «እንደዛ ሲሆን ነዳጅ ቀንሺ፣ ቀስ ብለሽ ጥግ ያዢ» አሉኝ። ይሄን ማንም ነግሮኝ አያውቅም እኮ፣ ስንት ዓመት ስነዳ።

ከዛ ከመሪው ስር ባለችው ሶኬት ስካነራቸውን፣ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን የብልሽት ኮድ የሚያነበውን መሣሪያ፣ ሰኩ። አስራ ስድስት ቀዳዳ ያላት ሶኬት ናት፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች በሙሉ እንዲኖራቸው በሕግ ተደርጓል፣ አውሮፓም ከጥቂት ዓመት በኋላ ተከትሏል፣ ለዛ ነው አንድ ስካነር ብዙ አይነት መኪና የሚያነበው። ኮዱ ፒ 0302 ወጣ። የመጨረሻዋ ቁጥር ሲሊንደሩን ነው የምትናገረው አሉኝ፣ ስለዚህ ሁለተኛው ሲሊንደር። ወዲያው አላጠፉትም! ኮዱ ሲመዘገብ ፍጥነቷ ስንት ነበር፣ የሞተሩ ዙርና ሙቀት ስንት ነበር የሚለውን ኮምፒውተሩ አብሮ ይይዘዋል፣ እሱን በስልካቸው ፎቶ አነሱ። ኮዱን ስታጠፊው ይሄም አብሮ ይጠፋል፣ ያኛው ልጅ ባትሪ ሲፈታ ያጠፋው ይሄንን ማስረጃ ነው አሉኝ። ተናድጄ ሞትኩ።

አሁን የወደድኩት ክፍል መጣ። ሌላ ቦታ ቢሆን «ካንዴላ ቀይሪ፣ ቦቢና አራቱንም ቀይሪ፣ ኢንጀክተር ይጠብ» ነበር የምባለው። ካንዴላ ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው ነው፣ ቦቢና ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው፣ ኢንጀክተር ደግሞ ነዳጅ የሚረጨው። እሳቸው ግን የሁለተኛውን ሲሊንደር ቦቢና ነቅለው ሦስተኛው ላይ አደረጉት፣ የሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ። ከዛ ኮዱን አጠፉት። «አላጠፋም ብለው አልነበር?» አልኳቸው እየሳቅኩ። «አሁን ለማወቅ ነው ያጠፋሁት፣ ያኔ ለመደበቅ ነበር የጠየቅሽኝ» አሉኝ። አብረን ወጥተን ነዳናት፣ ዳገት አስወጧት፣ መብራቱ ተመልሶ መጣ፣ ስካነሩ ላይ ሲያዩት ፒ 0303 ሆኗል። በሽታው ከቦቢናው ጋር ተከትሎ ሄደ ማለት ነው! ካንዴላው ቢሆን ወይም ኢንጀክተሩ ሁለት ላይ ይቀር ነበር። አንድ ቦቢና ብቻ ተቀየረ፣ የተነቀለውን በእጄ ሰጡኝ፣ ሰውነቱ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አለው፣ እስካሁን መሳቢያዬ ውስጥ አለ ለምን እንዳስቀመጥኩት አላውቅም።

ሜይንት የሚለው መብራት ደግሞ በሽታ አይደለም አሉኝ፣ ማስታወሻ ነው። የሄድሽውን ርቀት ይቆጥራል፣ 5,000 ማይል ማለትም ወደ 8,000 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ይበራል፣ ዘይትሽ ይቆሽሽ ይጥራ ምንም አያውቅም። ዘይት የቀየረልሽ ሰው ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መመለስ ነበረበት፣ አልመለሰውም፣ ያ ነው ያለው ነገር። ሊሠሩልኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ነይ ግቢ ራስሽ አድርጊው» ብለው ሹፌር ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ቁልፉን ሞተር ሳታስነሺ መብራቶቹ እስኪበሩ አዙሪ፣ የትሪፕ ቁልፏን (ዳሽቦርዱ ላይ የጉዞ ኪሎ ሜትር የምትቀያይረዋን መጫኛ) እየተጫንሽ ጠቅላላ ኪሎ ሜትሩ ላይ አምጪው፣ ቁልፉን አጥፊ። አሁን የትሪፕ ቁልፏን ተጭነሽ ሳትለቂ መልሰሽ አብሪ፣ ስክሪኑ ላይ ዜሮዎች እስኪደረደሩ ጠብቂ። እኔ ቸኩዬ ለቀቅኩትና መጀመሪያ ላይ አልሠራም፣ በሁለተኛው ጠፋ! ስንት ወር ያፈጠጠብኝ መብራት። ሌላ ሞዴል ላይ ትንሽ ይለያያል፣ አንዳንዱ ትሪፕ ኤ ላይ ሆኖ ነው የሚፈልገው፣ አዲሶቹ ደግሞ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ነው፣ የመኪናችሁ ማኑዋል ላይ ተጽፏል። ለዚህ ሥራ አንድ ሳንቲም አልተቀበሉኝም፣ «ራስሽ ለሠራሽው ነው የምትከፍዪኝ?» ብለው ሳቁብኝ።

ስለ ጎማ መብራቱም እግረ መንገዴን ጠይቄያቸው ነበር፣ የእህቴ መኪና ላይ ስለሚበራ። እሱን ሪሴት ከማድረጓ በፊት ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ነፋሱን በልኩ ትሙላ አሉኝ፣ ጎድሎ እያለ ሪሴት ካደረገችው መኪናዋ ጎዶሎውን ልክ ነው ብላ ትይዘዋለች። ቀይ የዘይት መብራት ከሆነ ግን ሪሴት የሚባል ወሬ የለም፣ እሱ የዘይት ግፊት ወርዷል ማለት ነው፣ እዛው አቁሞ ሞተር ማጥፋት ነው።

ሲጨርሱ ደግሞ፣ ኮድ ከጠፋ በኋላ ኮምፒውተሩ የጭሱንም የሌላውንም ምርመራ ከዜሮ ስለሚጀምር ቴክኒክ ምርመራ የምትሄጂ ከሆነ የተወሰኑ ቀናት ንጂያትና ሂጂ አሉኝ። ይሄን ሁሉ ሳይጠየቁ ነው የሚናገሩት። እውነት ለመናገር ፈጣን አይደሉም፣ ወረፋ አለ፣ ከፊቴ የነበረውን ሰው ሲያስረዱት ራሱ ግማሽ ሰዓት ቆሜያለሁ፣ የቸኮለ ሰው ይናደድ ይሆናል። እኔ ተናድጄም ነበር ተራዬ እስኪደርስ ድረስ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ፣ ዳሽቦርዱ ጨለማ ነው፣ ዳገቱንም ያለ መንዘፍዘፍ እወጣዋለሁ። ጋሼ እጅዎት ይባረክ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ይሄን ራስዎ እንደማያነቡት አውቃለሁ ልጅዎት ያነብልዎታል ብዬ ነው። ስልካቸውን እዚህ በአደባባይ አልለጥፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ እልካለሁ። ስትደውሉ ካላነሱ መኪና ስር ናቸው፣ መልሰው ይደውላሉ።