በውጭ የፖሊሲ ጥናት ተቋማት ልምምድ፦ ሄልሲንኪ፣ ላክሰንበርግ፣ ዋሽንግተን ወይስ አዲስ አበባ?

በእነዚህ ከተሞች ያሉት የልምምድ ዕድሎች በተለምዶ ሁሉም «ኢንተርንሺፕ» ይባላሉ፤ ነገር ግን አንዱ አበል ይከፍላችኋል፣ ሌላው ከኪሳችሁ ያስወጣችኋል። ስለዚህ ከተቋሙ ዝና በፊት ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ቀጥሎም የትኛውን የትምህርት ደረጃ እንደሚቀበል እዩ።

ፒኤችዲ ላይ ላላችሁ ምርጫው በአብዛኛው በሄልሲንኪው ዋይደር እና ቪየና አጠገብ ላክሰንበርግ ባለው ኢያሳ መካከል ነው። ሁለቱም ሦስት ወር ገደማ ናቸው። ዋይደር የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ የልማት ኢኮኖሚክስ ተቋም ነው። ለተቀበላቸው የፒኤችዲ ተማሪዎች ለጉዞ ድጋፍ ይሰጣል፣ የጤና መድን ይገባላቸዋል፣ ወርሃዊ አበልም ይከፍላቸዋል። የሚፈልገው በታዳጊ አገሮች ኢኮኖሚ ላይ የሚሠራ ሰው ስለሆነ፣ በግብር አሰባሰብ ወይም በምግብ ዋጋ ላይ በኢትዮጵያ መረጃ የምትሠሩ ከሆነ ርዕሳችሁን ለማመልከቻው ብላችሁ መቀየር አይኖርባችሁም።

ዓለም አቀፍ የሥርዓት ትንተና ተቋም የሆነው የኢያሳ የወጣት ተመራማሪዎች ፕሮግራም ደግሞ ከ1977 ጀምሮ በየዓመቱ ከጁን እስከ ኦገስት የሚካሄድ ነው። ትኩረቱ ውሃ፣ ኢነርጂ፣ አየር ንብረትና ሕዝብ ሲሆን የሒሳብ ወይም የኮምፒውተር ሞዴል መሥራት ለሚችል ሰው ይስማማል። አበሉ የሚመጣው በዋናነት አገራቸውን ከሚወክሉ የተቋሙ አባል ድርጅቶች ነው። ጥናታችሁ ተቀባይነት ቢያገኝም ከአባል አገር ባለመሆናችሁ ብቻ ገንዘብ ላይገኝ ይችላል። ከማመልከታችሁ በፊት የአባላቱን ዝርዝር አይታችሁ ለአገራችሁ አመልካች ገንዘብ መኖሩን በኢሜይል ጠይቁ። ከኢትዮጵያ የሚያመለክት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ዋይደርን ቢያስቀድም ይሻላል።

በሁለቱም ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው በፕሮፖዛሉ ነው። ሙሉ የመመረቂያ ጥናትን በሦስት ወር እጨርሳለሁ ማለት አያሳምንም። አንድ ምዕራፍ፣ አንድ ጥያቄ፣ በእጅ ያለ መረጃ ይበቃል። መረጃው ገና ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ የሚጠብቅ ከሆነ ሦስቱ ወር በደብዳቤ ምልልስ ያልቃል። የዓለም ባንክ በድረ ገጹ በነፃ የሚያወጣውን የኢትዮጵያ ማኅበረ-ኢኮኖሚ ዳሰሳ መጠቀም ከዚህ ያድናል።

ቀጥሎ ቪዛ አለ፤ እዚህ ላይ ቀን መቁጠር ግድ ነው። ኦስትሪያንና ፊንላንድን ጨምሮ ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚያገለግለው የሸንገን የአጭር ጊዜ ቪዛ («ሲ») በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን በላይ አያስቆይም፤ የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31 ግን 92 ቀን ነው። ለኦስትሪያ ከ91 ቀን እስከ 6 ወር ለሚቆይ ሰው የሚሰጠው «ዲ» ቪዛ ነው፤ «ሲ» ይዞ የሄደ ሰው ፕሮግራሙ ሳያልቅ ይመለሳል። ሄልሲንኪ ለምትሄዱም የግብዣ ደብዳቤው ላይ የመጀመሪያና የመጨረሻው ቀን ተቆርጦ ይጻፍ፤ ከ90 ካለፈ የመኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። በተጨማሪም የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ ቪዛ መደበኛ ውሳኔ መስጫውን ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሟል። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ጀምሮ ስለሆነ ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት ቀጠሮ ያዙ። የጉዞ መድኑ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ይሁን።

ማስተርስ ላይ ያላችሁ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ የመጨረሻ ዓመት ላይ የደረሳችሁ፣ ወይም ከተመረቃችሁ ዓመት ያልሞላችሁ የተባበሩት መንግሥታት ጽሕፈት ቤትን ልምምድ ማመልከት ትችላላችሁ። ከ2 እስከ 6 ወር ነው፤ ክፍያ የለውም። ጉዞ፣ ቪዛ፣ ቤት፣ መድን ሁሉ በተማሪው ነው። ጄኔቫ ወይም ኒውዮርክ ላይ ይህን ያለ ስፖንሰር መቻል ለአብዛኛው ቤተሰብ ከባድ ነው። ይኸው ልምምድ ግን አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንም አለ። ደንቡ አንድ ነው፤ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከቤቱ እየተመላለሰ ይሠራል። ለውጭ አገር ናፍቆት ብቻ ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም።

አሜሪካ ለምትማሩ ልጆች ደግሞ የካርኔጊ ኢንዳውመንት፣ ዋሽንግተን ያለ የዓለም አቀፍ ፖሊሲ ጥናት ተቋም፣ የጌይተር ጁኒየር ፌሎው ፕሮግራም አለ። አንድ ዓመት ሙሉ ደመወዝ እየተከፈለ ዋሽንግተን የሚሠራበት ነው። ተማሪው በዚያው የትምህርት ዓመት የመጀመሪያ ዲግሪውን የሚጨርስ ወይም ባለፈው ዓመት የተመረቀ፣ ማስተርስ ያልጀመረ መሆን አለበት። በቀጥታ ማመልከት አይቻልም፤ ዕጩውን የሚያቀርበው ዩኒቨርሲቲው ነው። የግቢው የውስጥ ቀነ ገደብ ከካርኔጊው ስለሚቀድም፣ ብዙዎች የሚያመልጣቸው በዚህ ምክንያት ነው። የመጨረሻው ዓመት እንደተጀመረ የፌሎውሺፕ ቢሮውን ጠይቁ። ኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ላይ ያላችሁ በኦፒቲ፣ ማለትም ከትምህርት መስካችሁ ጋር በተያያዘ ሥራ ከምረቃ በኋላ በሚሰጥ ጊዜያዊ ፈቃድ፣ መሥራት ትችላላችሁ፤ የሥራ ፈቃድ ማመልከቻው የአይ-765 ቅጽ ትምህርቱ ከሚያልቅበት 90 ቀን ቀድሞ ጀምሮ እስከ 60 ቀን በኋላ ይገባል። በልምምድ ስም የ12 ወር ሙሉ ሰዓት ሲፒቲ (ትምህርት ላይ ሳሉ የትምህርቱ አካል ለሆነ ሥራ የሚሰጥ ፈቃድ) የጨረሰ ሰው ግን በዚያው የዲግሪ ደረጃ ኦፒቲ አያገኝም።