ሀዋሳ ላሉት ሳይክል ሠሪ ጋሼ ምስጋናዬ ይድረስ

ጋሼ ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ሥራዬን የሚያውቅ ያውቀዋል» ነው ያሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ። ዝም ማለት ግን አልቻልኩም።

ሳይክሌ ለረጅም መንገድ የተዘጋጀች ነች። ቴላዮዋ (አጽሟ) ብረት ነው። ድንኳኑ፣ ምድጃው፣ ውሃው፣ ልብሱ ሲጫንባት ዕቃው ብቻ 20 ኪሎ ይጠጋል። ዳገት ላይ 20 ኪሎ ምን ማለት እንደሆነ የጫነ ያውቀዋል። ለዚህ ብዬ ነው ባለፈው ዓመት ማርሾቹን የቀየርኩት። የፊት ጥርሶቹ (ካቴናው የሚዞርባቸው ሦስቱ ክብ ብረቶች) ጠርዛቸው ላይ ያለው ጥርስ ሲቆጠር 50፣ 39 እና 30 ነበሩ። አሁን 48፣ 36 እና 26 ናቸው። የኋላውን ትልቁን ጥርስም ከ28 ወደ 34 አሳደግኩት። በድሮው በጣም ቀላል ማርሽ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሳይክሏ 2 ሜትር ከ30 ትሄድ ነበር። አሁን 1 ሜትር ከ65 ገደማ ትሄዳለች። ጉልበት ሲያልቅ ይህች ልዩነት ወርዶ ከመግፋት ታድናለች።

ጣጣው የመጣው ከፊት ዲሬይለሩ ነው። ለማታውቁት፣ ፊት ለፊት ካሉት ሦስት ጥርሶች ካቴናውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚገፋው ብረት ነው። ሁለት ጉንጮች አሉት። ካቴናው በመሃላቸው ያልፋል። የድሮዬ ተሰንጥቆ ስለነበር አዲስ አበባ አንድ ቤት ሌላ ገጠሙልኝ። «ሁሉም ይገጥማል» አሉኝ። አመንኳቸው።

ጥቅምት ላይ ከሀዋሳ ተነስቼ በአለታ ወንዶ በኩል ወደ ሀገረ ሰላም እየወጣሁ ነበር። ሀዋሳ ከፍታዋ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው። ሀገረ ሰላም ከ2,700 በላይ ነው። መንገዱ ያምራል፣ ግራ ቀኙ እንሰትና ቡና ነው። ዳገቱ ጠንከር ሲል ወደ ትንሿ ጥርስ ቀየርኩ። ካቴናው ትንሿን ጥርስ ዘሎ ወደ ውስጥ ወደቀና በጥርሱና በቴላዮው መሃል ተቀረቀረ። ፔዳሉ ደረቀ። እኔም ከነጭነቴ በጎኔ ወደቅኩ። ጉልበቴ ተላጠ። ጥፍሬ ውስጥ ግራሶ ገብቶ ካቴናውን ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ትንሽ ሄጄ ደግሞ ወደቀ። ሦስተኛው ላይ እንባዬ መጣ።

አለታ ወንዶ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ የባጃጅ ሹፌር እጄን አይቶ «ሀዋሳ ጋሼ ጋ ውሰጃት» አለኝ። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኛት ተመለስኩ።

የጋሼ መሥሪያ ቦታ ታፔላ የለውም። ግቢያቸው በር ላይ፣ ዛፍ ሥር ነው። ሳይክሏን ገልብጠው ፔዳሏን በእጃቸው እያዞሩ ዝም ብለው አዩ። ለረጅም ጊዜ መፍቻ አላነሱም። ከዚያ ጠየቁኝ። «ስንት ኪሎ ትጭኛለሽ? ወዴት ወዴት ነው የምትሄጂው? ይሄ መሪሽ ላይ ያለው መቀየሪያ የእሽቅድድም ሳይክል ነው አይደል?» ጥርሶቹን በጠመኔ ምልክት አድርገው ቆጠሩ። ዲሬይለሩ የታሰረበትን ቱቦ በካሊፐር ለኩ። 28.6 ሚሊ ሜትር ነው። የማሰሪያው ቀለበት ግን የ31.8 ነበር። ሲፈቱት ከሥሩ ምን ወጣ? የተቆራረጠ ካላማዳሪ! ክፍተቱን የሞሉት በጎማ ነው። ጎማ ይለጠጣል። በኃይል በቀየርኩ ቁጥር ዲሬይለሩ ትንሽ ትንሽ እየዞረ ነበር ማለት ነው።

በዚህ አላበቃም። የተገጠመው ሁለት የፊት ጥርስ ላለው የእሽቅድድም ሳይክል የተሠራ ነው። እንዲህ ያለው በትልቁና በትንሹ ጥርስ መካከል 16 ያህል ልዩነት ነው የሚችለው። የእኔ ከ48 እስከ 26 ነው፣ 22 ልዩነት። ትንሿ ጥርስ ላይ ስሆን ካቴናው የጉንጩን የታችኛውን ጫፍ ይፍቅ የነበረው ለዚህ ነው። የጉንጩ ቅስትም ለ53 ጥርስ የተለካ ስለሆነ በ48ቱ ላይ በትክክል አይቀመጥም።

እኔ ወዲያው ውዱን፣ የሚያብለጨልጨውን ልገዛ አልኩ። ስልኬ ላይ አሳየኋቸው። «የኔ ልጅ፣ ገንዘብሽን አታባክኚ። ይሄም የእሽቅድድም ነው» አሉኝ። ከካርቶን ውስጥ ያገለገለ፣ በነዳጅ ታጥቦ የተቀመጠ ዲሬይለር አወጡ። ለጉዞ ሳይክል የተሠራ ነው። ለ48 ጥርስ፣ 22 ልዩነት የሚችል፣ ኋላ 9 ማርሽ ላለው ካቴና የሚሆን፣ ከመቀየሪያው የሚመጣው ሽቦም እንደ እኔዋ ሳይክል ከታች የሚጎተት። ለቀለበቱ ደግሞ ጎማውን ጥለው በልኩ የተሠራ የአልሙኒየም መሙያ አስገቡ።

አንድ ችግር ቀረ። የእሽቅድድም መቀየሪያ አንዴ ሲነካ የሚስበው ሽቦና የጉዞ ዲሬይለር እንዲሳብለት የሚፈልገው ልክ አንድ አይደለም። ስለዚህ ለግራ እጄ ቀጭ ቀጭ የማይል፣ በእጅ ስሜት የሚስተካከል ተራ መቀየሪያ መሪዬ ጫፍ ላይ ገጠሙልኝ። እንዲህ ያለው ከየትኛውም የፊት ዲሬይለር ጋር ይሠራል። አሁን ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ፊት አንድ ጥርስ ብቻ ይበቃል የሚሉ አሉ። ከተማ ውስጥ እውነት ነው። ጭኖ ዝዋይ ሜዳ ላይ ለሚፈጥንና የሲዳማን ዳገት ለሚወጣ ሰው ግን ሦስቱን አልለቅም። ለአንድ ጥርስ የሚያስፈልገው ሰፊ የኋላ ካሴት (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) ክፍለ ሀገር ላይ ቢበላሽ ከየት ይመጣል?

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነው ልቤን የነካው። ካቻቢቴና ብሩጎላ ሰጡኝና «አንቺ አስተካክዪው። መንገድ ላይ እኔ የለሁም» አሉኝ።

መጀመሪያ ከፍታው። የውጭኛው ጉንጭ ከትልቁ ጥርስ ጫፍ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። የእኔ እጥፍ ርቆ ነበር። ቀጥሎ ከላይ ሆኖ ማየት ነው። ጉንጩና ጥርሱ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው መሄድ አለባቸው። ከዚያ ሽቦው ሳይታሰር ካቴናው ፊት ትንሿ፣ ኋላ ትልቁ ጥርስ ላይ ይደረጋል። የውስጡን ገደብ የሚይዘውን ብሎን እያዞርኩ በውስጠኛው ጉንጭና በካቴናው መሃል ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ክፍተት አስቀረሁ። ሽቦውን በፒንሳ ስቤ አሰርኩ። በመጨረሻ ፊት ትልቁ፣ ኋላ ትንሹ ላይ አድርጌ የውጩን ገደብ በተመሳሳይ መንገድ ያዝኩ።

ሁለቱን ብሎኖች ከሽቦው ጋር ሳምታታ አዩኝና «ብሎኑ አጥር ነው። እረኛው ሽቦው ነው። አጥር በግ አይነዳም» አሉኝ። ለስንት ዓመት ማርሽ አልገባ ሲለኝ አጥሩን ስነቀንቅ ኖሬያለሁ።

ቱቦው ላይ ካቴና ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ የሚከለክል ትንሽ ፕላስቲክም አሰሩልኝ። ከዚያ ቦርሳዎቹን ጭኜ እንድሞክር አደረጉ። ባዶ ሳይክል ላይ የተስተካከለ ሲጫን ሊፍቅ ይችላል ብለው ነው። አዲስ ሽቦ ይረግባልና በሁለተኛው ቀን ተመልሼ አጠበቅነው። ስወጣም «ዳገቱ ሳይጀምር ቀይሪ፣ ስትቀይሪም እግርሽን አቅልዪ» ብለው ሸኙኝ። ለማስተማሩ ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ሻዩንም የከፈሉት እሳቸው ናቸው።

ሀገረ ሰላም ገባሁ። እንሰቱን አልፌ ቀርከሃው ጋ ስደርስ በትንሿ ጥርስ ላይ ነበርኩ። ካቴናው አንዴም አልወደቀም።

በሀዋሳ የምታልፉ፣ ሳይክላችሁን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ጋሼን አግኙ። የምትቸኩሉ ከሆነ ግን አይሆንም። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ አንድ ሳይክል ላይ ይውላሉ። አዲስ ዕቃ ሁልጊዜ የላቸውም፣ ስለዚህ ሳትገዙ በፊት ምን እንደሚገጥማችሁ ጠይቋቸው። የጥርሶቻችሁን ቁጥር፣ የቱቦውን ውፍረትና ሽቦው ከላይ ይሁን ከታች የሚጎተተው ጽፋችሁ ያዙ፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ቦታውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እነግራለሁ፣ ይህን ፈቅደውልኛል።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበልዎ፣ እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ለገና በዚያው በኩል ነኝ፣ ቡናውን እኔ ነኝ የማመጣው።