ላክቶሜትር፦ የሦስት ዓመት ባልደረባዬ ምን ያውቃል? ምን አያውቅም?

በየማለዳው ወተት የምረከብ ሴት ነኝ። አርሶ አደሮች በጣሳና በጀሪካን ያመጣሉ፤ እኔ መርምሬ ወደ ማቀዝቀዣው ገንዳ እገለብጣለሁ፤ መኪናው ወደ ፋብሪካ ይወስደዋል። ይህን ይቀበል፣ ያንን ይመለስ የምለው ላክቶሜትር የምትባል፣ ወተት ውሃ እንደተቀላቀለበት የምትጠቁም አንዲት የመስታወት ዘንግ ይዤ ነው። ሦስት ዓመት አብረን ስለሠራን ስለ እርሷ ለመመስከር መብት ያለኝ ይመስለኛል።

ላክቶሜትር ቀላል ነገር ነው። ታችኛው ሆዱ ከብዶ ቀጥ ብሎ ይንሳፈፋል፤ የእኔው አንገት ላይ ከ15 እስከ 40 የሚደርሱ ቁጥሮች አሉ። ወተት ከውሃ ስለሚከብድ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሲየስ ያልተነካካ የላም ወተት አብዛኛውን ጊዜ ከ28 እስከ 32 ባለው መካከል ያቆመዋል። ውሃ ሲገባበት ዘንጉ ይሰምጣል። ወተት 30 የሚያነብ ከሆነ ከ10 እጅ አንዱን ውሃ ቢያደርጉት ወደ 27 ገደማ ይወርዳል። መልሱ በደቂቃ ውስጥ ይደርሳል፤ ባትሪ አይፈልግም፤ ረጅም ሥልጠናም አይጠይቅም።

አይጠይቅም ብዬ ነበር እኔም። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር አንድ አዛውንት ገና የታለበ፣ እንፋሎቱ ያልበረደ ወተት ይዘው መጡ። ዘንጉ 26 ላይ ቆመ። ሰልፈኛው እየሰማ «አባባ፣ ውሃ ገብቶበታል» አልኳቸው። «ልጄ፣ ከላሟ ሥር ነው የመጣሁት» አሉና ጣሳቸውን አንስተው ሄዱ። ወተት ሲሞቅ እንደሚቀል ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ንባቡ 0.2 ገደማ ይቀንሳል። 35 ዲግሪ ላይ ያለ ንጹሕ ወተት እንግዲህ ውሃ የተቀላቀለበትን መስሎ ይታያል። በማግሥቱ ወተታቸው እስኪበርድ ጠብቄ ስለካው 29 ሆነ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ይቅርም አሉኝ። ግን ለረጅም ጊዜ ሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመው ቴርሞሜትሬን ስከት በዓይናቸው ይከታተሉ ነበር።

ሌላው ጉድለቱ ብልጥ ሰው ያውቀዋል። ቅባት ከውሃ ይቀላልና ወተቱ ቅቤው ከተገፈፈ ይከብዳል፤ ከዚያ ውሃ ሲጨመርበት ቁጥሩ ተመልሶ 30 ይሆናል። አንድ ደንበኛ በዚህ መንገድ ለወራት አሞኝቶኛል። ፋብሪካው ቅባቱን በገርበር ዘዴ ሲለካ ነው ጉዱ የወጣው፤ ቅጣቱም በጭነቱ ሁሉ ላይ ወደቀ፤ ያልበደሉትም ከፈሉ።

መኮምጠጥንም አያይም። ለዚያ በእኩል መጠን ወተትና 68 በመቶ አልኮል አደባልቃለሁ፤ ከተቆራረጠ አልቀበልም።

አነባበቡም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወተቱን በሲሊንደሩ ጎን ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ አረፋ ከተነሳ ውሸት ታነባላችሁ። ዘንጉ ግድግዳውን መንካት የለበትም። ወተት ስለማያሳይ የምታነቡት ከላይኛው ጠርዝ፣ ዓይናችሁን ከወተቱ ጋር አስተካክላችሁ ነው። አንገቱ ውስጥ ያለው ወረቀት ደግሞ ሊንሸራተት ይችላል፤ እኔ አልፎ አልፎ ከሌላ ላክቶሜትር ጋር አመሳክረዋለሁ።

መስታወቱ ስስ ነው። የመጀመሪያዬን አጥቤ ሳስቀምጥ ሰበርኩት፤ ሁለተኛውን አንድ ልጅ በክርኑ ገፋው። ሲገዙ የሚያገኙት የካርቶን መያዣም ለይስሙላ ነው።

ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የቀነስኩት በካርቶኑ ምክንያት ነው። የምትገዙ ከሆነ ግን ቴርሞሜትር አብራችሁ ግዙ፤ ያለ እርሱ አንድ ኮከብ እንኳ አይገባውም። ሦስተኛዬ አሁን በአሮጌ የሱፍ ካልሲ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል።