ላሙ፦ ለጥቂት ሰው ሠርግ የምትመች የባሕር ዳር ከተማ

የእህቴ ሠርግ በኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ በምትገኘው በላሙ ደሴት እንዲሆን ሲታሰብ ከቤተሰቡ ሁሉ አጥብቄ የተቃወምሁት እኔ ነበርሁ፤ ሠርግ በዘመድና በጎረቤት ፊት ካልተደገሰ ሠርግ አይመስለኝም ነበር። ሰባት ቀን ሰንብተን ከተመለስን በኋላ ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ሆኖም ከተማዋ የምትመቸው ለአንድ ዓይነት ሠርግ ብቻ መሆኗን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም።

አብዛኞቻችን የላሙን ስም የምናውቀው ኬንያን፣ ደቡብ ሱዳንንና ኢትዮጵያን ለማገናኘት ከታቀደውና እ.ኤ.አ. በ2021 የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያው ሥራ ከጀመረው ወደብ ጋር በተያያዘ ነው። ወደቡ ያለው ግን ከደሴቲቱ ማዶ በመሆኑ የአሮጌዋን ከተማ ጸጥታ አልነካውም። ይህች ከተማ ከስዋሂሊ ከተሞች ሁሉ ይዞታዋን በተሻለ ጠብቃ በመቆየቷ እ.ኤ.አ. በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። መንገዶቿ ጠባብ ስለሆኑ መኪና አይገባባቸውም፤ አሸዋውም፣ ሲሚንቶውም፣ የሙሽራዋ ሻንጣም የሚጓጓዘው በአህያ ነው። ያረፍንበት ቤት ግድግዳው ከኮራል ድንጋይ፣ ጣሪያው ከማንግሮቭ እንጨት የተሠራ ሲሆን፣ ሐረግና አበባ የተፈለፈለበት ወፍራም የእንጨት በሩ በሁለቱም ጎን የድንጋይ መደብ ነበረው። የአገሩ ሰዎች ባራዛ በሚሉት በዚህ መደብ ላይ አመሻሹን የሰፈሩ ሽማግሌዎች እየተቀመጡ ሲጨዋወቱ፣ አያታችንም በሁለተኛው ቀን አብረዋቸው ተቀምጠው አገኘናቸው፤ ቋንቋ ባይግባቡም የሚያቀርቡላቸውን መራራ ቡና በትንሽ ሲኒ ተቀብለው ይጠጡ ነበር።

ሥርዓቱ የተፈጸመው ከከተማዋ በስተደቡብ፣ በእግር አርባ ደቂቃ ያህል ርቃ በምትገኘው በሼላ መንደር ነው። የሼላ የባሕር ዳርቻ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ ነጭ አሸዋ ነው፤ ከመንደሩ ትንሽ ራቅ ሲሉ ከአሸዋው ኮረብታና ከባሕሩ በቀር የሚታይ ነገር የለም። ሠላሳ ሁለት እንግዶች ብቻ ስለ ነበርን ድምፅ ማጉያ አላስፈለገንም፤ ሽማግሌው ሲመርቁ እያንዳንዱ ቃል ይሰማ ነበር። አምስት መቶ ሰው በሚጠራበት አዳራሽ ውስጥ ምርቃት ሰምቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቅሬታዬ ዝግጅቱን በያዘልን ሰው ላይ ነው። ሙሽሮቹና ቤተሰቡ ዳው በሚባለው ባለ ሸራ ጀልባ ከከተማው ተነሥተው በዐሥር ሰዓት ሼላ እንዲደርሱ ቀጠሮ ሲይዝ፣ በዚያ ሰዓት ባሕሩ የሚጎድል መሆኑን አላመሳከረም ነበር። ጀልባው ከዳርቻው ርቆ ለመቆም ተገደደ፤ እህቴ ጥልፍ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በውኃው ውስጥ ስትሄድ፣ አያታችንን ሁለት ጀልበኞች በወንበር ተሸክመው አወጧቸው። ጀልበኞቹ ያደረጉትን በአክብሮት በማድረጋቸው ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ ነገር ግን የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሳይጠይቁ ሰዓት መቁረጥ በላሙ ሊደረግ የማይገባው ስሕተት ነው።

ስለ ምግቡ ረጅም ማለት አያስፈልግም፦ በኮኮናት ወተት የተሠራው ዓሳና የሁመር ጭማቂው እጅግ ጥሩ ናቸው፤ ዶሮ ወጡን ግን ራሳችን በወሰድነው በርበሬ ሠራን። ከተማዋ የሙስሊም ከተማ በመሆኗ መጠጥ የሚገኘው በጥቂት ሆቴሎች ብቻ ነው፤ በጎዳና ላይ ትከሻንና ጉልበትን ሸፍኖ መሄድ፣ በጸሎት ሰዓትም ከበሮን ማቆም ተገቢ ነው።

ለመሄድ የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገውም። ከናይሮቢ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ማንዳ ደሴት በርሮ ቀሪውን በጀልባ ይሻገራል፤ ወደ ሶማሊያ ድንበር በሚያመራው አካባቢ የጸጥታ ሥጋት ስላለ በመኪና መሄድን አልመክርም። ትናንሾቹ አውሮፕላኖች የሻንጣ ክብደትን በጥብቅ ስለሚቆጣጠሩ የመልሱን ካባዎች ለመጫን ተጨማሪ ክፍያ ከፍለናል። በኬንያ ሕግ መሠረት በማዘጋጃ ለመጋባት ቢያንስ የ21 ቀን ማስታወቂያ ስለሚያስፈልግ፣ እህቴና ባለቤቷ እንዳደረጉት ፊርማውን አዲስ አበባ ፈጽሞ መሄድ ይቀላል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ከባድ ዝናብ ስለሚጥልና በርካታ ማረፊያዎችም ስለሚዘጉ፣ ቀኑን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ውስጥ ማድረግ ይሻላል። አጎቶችና አክስቶች በሙሉ ይገኙልኝ የሚል ሙሽራ ግን ድግሱን በአገሩ ደግሶ፣ ወደ ላሙ ለጫጉላ ሽርሽር ብቻ ቢሄድ እመርጥለታለሁ።